ጅማ ላይ ቤት ከመግዛት በፊት ስለማስመርመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ ጅማ ውስጥ ያለቀለት ቤት ሊገዙ ላሰቡ ሰዎች ነው፣ በተለይ አዌቱ ወንዝ ዳር፣ ቦዬ በኩል ወይ ቂጦ አካባቢ ለሚያዩ። ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል የላቸውም፣ ሰው እንደጠየቀኝ ነው የደረደርኳቸው። የኔ አቋም አንድ ነው፦ ጅማ ላይ ቤት የሚገለው ውሃ ነው፣ ከላይ የሚመጣው፣ ከጎን የሚመጣው፣ ከስር የሚመጣው። ምርመራውም ውሃውን እየተከተለ መሄድ አለበት፣ ደሞ ከቀብድ በፊት።

ቤቱን ራሴ ዞሬ አይቼዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ፣ ኢንጂነር ለምን አስፈለገ?

ያያችሁት ቀለሙን ነው። ለሽያጭ የተዘጋጀ ቤት መጀመሪያ የሚደረግለት ነገር ቀለም መቀባት ነው፣ ይሄ ክፋት አይደለም ማንም ሻጭ ያደርገዋል፣ ግን ግድግዳው ከስር እስከ ወገብ ድረስ ብቻ አዲስ ተቀብቶ ከላይ ያለው የድሮው ከሆነ ያ ቀለም የሆነ ነገር እየሸፈነ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት። ቁምሳጥን ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከቆመ አስነሱት፣ ጥግ ላይ ጆንያ ቡና ተደርድሮ ከሆነም እንደዛው (የጅማ ሰው ቦታ ካጣ ቡናውን መኝታ ቤትም ያስገባል፣ እሱ ምንም አይደል፣ ግን ከጆንያው ጀርባ ያለው ግድግዳ መታየት አለበት)። ገዢ ሲመጣ ሳሎኑን፣ የግቢውን ስፋት፣ አቮካዶውን ነው የሚያየው። የሚመረምር ሰው ደሞ ጭንቅላቱን ኮርኒስ ውስጥ ያስገባል፣ ከቤቱ ጀርባ ማንም የማይሄድበት ቦታ ይሄዳል፣ እያንዳንዱን በር ዘግቶ ይከፍታል። በር ላይኛው ጥግ ላይ ሲይዝ እናንተ አናጺ ያስተካክለዋል ትላላችሁ፣ እሱ ግን ቤቱ ዘምሟል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ቀብድ ከፍዬ ነው የማስመረምረው ወይስ ከዛ በፊት?

ከዛ በፊት። በፍትሐብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሰረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ከፍላችሁ ካበቃችሁ በኋላ ኢንጂነሩ መጥቶ መሰረቱ ተሰንጥቋል ቢላችሁ ያላችሁ ምርጫ ወይ ብሩን ማጣት ወይ ስንጥቁን መግዛት ነው። ደላላው ሌላ ገዢ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ካልቀበዳችሁ ያመልጣችኋል ይላችኋል፣ ሁሌም አንድ ሌላ ገዢ አለ፣ ማንም ግን አይቶት አያውቅም።

የግድ ቶሎ መቀበድ ካለባችሁ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ገዢ ቤቱን በባለሙያ አስመርምሮ መሰረቱ፣ ግድግዳው ወይ ጣራው ላይ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ምርመራውም እስከዚህ ቀን ያልቃል የሚል። በቃል ተማምነናል የሚባል ነገር አይሰራም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ሽማግሌ ፊት የተባለ ቢሆንም ወረቀት ላይ ይውጣ።

ማንን ነው የምጠራው?

ሲቪል ኢንጂነር፣ በተለይ ስትራክቸር ላይ የሰራ። ሰርቬየር አምጡልኝ ካላችሁ የሚመጣላችሁ መሬት የሚለካ ሰው ነው፣ እሱም ያስፈልጋል ግን ለሌላ ስራ ነው። በዚህ በኩል ጅማ ችግር የለባትም፣ ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና ያስተምራል፣ ተመርቀው እዚሁ ሳይት ላይ የሚውሉ ልጆች አሉ። የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። ከሱ ጋር አንድ የበሰለ ፎርማን ወይ አናጺ ይዛችሁ ብትሄዱ በጣም ጥሩ ነው፣ ቤቱ የጭቃ ከሆነማ እውነቱን ለመናገር አናጺው ከኢንጂነሩ ይበልጣል፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት በአብዛኛው ኮንክሪት ነው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ደላላው ያመጣውን ኢንጂነር አትቀበሉ። ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፣ ሽያጩን ሊያፈርስ የሚችል ሰው በራሱ እጅ የሚያመጣበት ምክንያት የለውም።

ዋጋው ስንት ነው?

የተቆረጠ ታሪፍ የለም፣ በቤቱ ስፋትና ሪፖርት መጻፍ አለመጻፉ ይወሰናል። ከመሄዱ በፊት ተስማሙ፣ ዞሮ አይቶ በቃል ሊነግራችሁ ነው ወይስ ፎቶ ያለበት፣ የተፈረመበት ወረቀት ሊሰጣችሁ። ወረቀቱን ምረጡ፣ ኋላ ዋጋ ላይ ስትከራከሩ ሻጩ ፊት የምታስቀምጡት እሱን ነው።

በጋ ላይ ልየው ወይስ ክረምት ላይ?

ክረምት ላይ፣ ከተቻለ እየዘነበ። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ መስከረም ይሄዳል፣ አንዳንዴ ጥቅምትንም ይነካል። ደረቅ የሚባለው ከህዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፣ ቤት ሻጭ ደሞ የሚበዛው ያኔ ነው። ጥር ላይ የታየ ቤት በዓመቱ ውስጥ በጣም ባማረበት ሰዓት ነው የታየው። ነሐሴ ላይ ግን ምንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም፣ አሸንዳው የት ጋ እንደሚሞላ፣ የጎረቤት ጣራ ውሃ ወደማን ግቢ እንደሚወርድ፣ ኮርኒሱ የት ጋ ቡናማ ክብ እንደሰራ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ እንደሆነ ሁሉም ራሱ ይናገራል።

በጋ ላይ ብቻ ማየት ከቻላችሁ ቱቦ አስጎትታችሁ ጣራው ላይ ውሃ አስለቅቁ፣ ትንሽ ጠብቁና ከውስጥ እዩ። ሻጩ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። ጥቁር አፈር ላይ ለተሰራ ቤት ግን ነገሩ ትንሽ ይገለበጣል፣ እሱን ስንጥቅ ጋ እነግራችኋለሁ።

አዌቱ ዳር ቦታው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። ቦዬና ቂጦ በኩልም አየሁ። ችግር አለው?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው ምክንያቱም ጅማ ላይ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

አዌቱ ከተማዋን መሃል ለመሃል ነው የሚያቋርጣት። ዙሪያው ከፍታ ነው፣ ከጅሬን በኩል የወረደው ውሃ፣ የከተማው ቆርቆሮና አስፋልት የሚያፈሰው ሁሉ መጨረሻው ወደ ዝቅተኛው ነው፣ ቤት በበዛ ቁጥር ደሞ አፈር ውስጥ የሚሰርገው እያነሰ ቶሎ የሚደርሰው እየበዛ ይሄዳል። የጎርፍ መውረጃ ቦዩ በሃይላንድ ኮዳና በፌስታል ሲደፈንማ ጭራሽ ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ስታዩ ከቤቱ በፊት አጥሩን እዩ፣ ቆርቆሮው ወይ እንጨቱ ላይ የደረቀ ጭቃ መስመር ሰርቶ እንደሆነ፣ ሽቦው ላይ ሳርና ፌስታል ተንጠልጥሎ ቀርቶ እንደሆነ። እሱ መስመር ውሃው የደረሰበት ነው፣ ከቤቱ ወለል ጋር አስተያዩት። የጎረቤቶቹን ደጃፍም ተመልከቱ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሩ ላይ ድንጋይ ወይ ብሎኬት ደርድሮ ደፉን ከፍ ካደረገ ለውበት አይደለም።

መንገዱንም አትርሱ። ኮብልስቶን ወይ አስፋልት ሲሰራ መንገዱ ከፍ ይላል፣ የድሮው ግቢ ደሞ እዛው ዝቅ ብሎ ይቀራል፣ ድሮ ውሃ ገብቶበት የማያውቅ ቤት ከመንገዱ በኋላ በየክረምቱ የሚገባበት አለ። ባለቤቱ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ ውሃ አይቼ አላውቅም ሲላችሁ ላይዋሽ ይችላል፣ የድሮውን እየነገራችሁ ነው።

ቦዬና ቂጦ በኩል ያለው ሌላ ነው፣ እዛ ችግሩ ከስር ነው። አካባቢው ረግረግ ነው፣ ለጡብ የሚሆን ጭቃም ከረግረጉ ይወጣል፣ ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ በአፈርና በፍርስራሽ ተሞልቶ ተደልድሎ ቤት ከተሰራበት መሬቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ይሰጥማል፣ ያውም አንዱ ጥግ ከሌላው በላይ። ይሄን የምታውቁት ግቢው ውስጥ ጉድጓድ በማስቆፈር ነው፣ ከመሰረቱ አጠገብ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ። ሲቆፈር ፌስታል፣ የተሰበረ ጡብ፣ ጨርቅ እየወጣ ከሄደ ሙሌት ነው። ብዙ ሳትቆፍሩ ውሃ ከመጣባችሁ ደሞ መሰረቱ ውሃ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ ክዳኑን አንሱና ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እዩ፣ ግን በክረምት ከፍ እንደሚል አስቡበት። ጥግ ላይ ቄጠማ በራሱ በቅሎ ካያችሁ ማንም ኢንጂነር ሳይነግራችሁ መሬቱ ነግሯችኋል።

ማንን ትጠይቃላችሁ? ሻጩን አይደለም። የመንገዱ ጫፍ ላይ ሱቅ ያለውን ጠይቁ፣ ከሱ በላይ ደሞ የባጃጅ ልጆችን፣ ሐምሌ ላይ እዚህ ድረስ ታስገባላችሁ ወይ በሏቸው። ባጃጅ የማይገባበት መንገድ የውሃ መንገድ ነው።

በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተቀመጠ አረጋግጡ። ወንዝ ዳር ለአረንጓዴ ቦታ ወይ ለመንገድ የተያዘ ሊሆን ይችላል፣ የኮሪደር ልማቱም ጅማ ገብቷል፣ ቤቱ ጤነኛ ሆኖ ቦታው የማይቆይ ከሆነ ምርመራው ምን ይጠቅማል።

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አየሁ። ሁሉም ስንጥቅ መጥፎ ነው?

አይደለም፣ ስንጥቅ የሌለው ቤት ራሱ የለም። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሚመጣ ነው፣ ኮለኑና (የኮንክሪት ምሰሶው ማለት ነው) ብሎኬቱ የሚገናኙበት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። የሚያስፈራው ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወርድ፣ ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ የሚታይ፣ ስፋቱ ደሞ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ነው። እሱ መሬቱ በአንድ በኩል እየሄደ ነው ማለት ነው። ከላይ ሰፍቶ ወደታች የሚጠብ ከሆነ፣ ወይ ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ፣ ለኢንጂነሩ አሳዩት።

አሁን ስለ ጥቁር አፈር። ጅማ ላይ ከፍ ያለው ቦታ በብዛት ቀይ አፈር ነው፣ ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ ግን መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር አለ። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ላዩ ላይ ያለውን ቤት በክረምት ያነሳዋል በበጋ ይጥለዋል፣ በየዓመቱ። ስለዚህ እዛ ላይ ያለ ቤት ስንጥቁ በበጋ ይከፈትና በክረምት ይጠባል። ለዛ ነው መረሬ ላይ ያለ ቤት በሁለቱም ወቅት ቢታይ ጥሩ የሚሆነው፣ ነሐሴ ላይ ብቻ ያየ ሰው ስንጥቁ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። መሰረቱ ተቆፍሮ መረሬው ወጥቶ በሌላ አፈር ተተክቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ የሰራው ፎርማን በህይወት ካለና ከተማው ውስጥ ከሆነ እሱን ፈልጉት፣ ሻጩ የማያውቀውን ያውቃል። ባህር ዛፍ ግድግዳው ስር ካለም ልብ በሉ፣ ባህር ዛፍ የአፈሩን ውሃ ስቦ ይጠጣል፣ መረሬ ላይ ይሄ መሸብሸቡን ያባብሰዋል።

ስንጥቁ የቆመ ይሁን የሚሄድ ለማወቅ ጀሶ በቀጭኑ አቋርጦ መለጠፍና ቀን መጻፍ ነው። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው። ሻጩ ጊዜ ከሰጣችሁ በጣም ርካሽ ምርመራ ይሄ ነው።

የጭቃ ቤት ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል። ልግዛ?

የጭቃ ቤትን መናቅ አልወድም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት ጅሬን ላይ በእንጨት ተሰርቶ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፣ ጥገና ቢያስፈልገውም። የእንጨትና የጭቃ ቤት ጣራው ካላፈሰሰና እግሩ ደረቅ ከሆነ ይቆያል፣ እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ ግን ቶሎ ይሄዳል፣ ያውም ከውጭ ሳይታወቅ።

የሚመረመረው የምሰሶው እግር ነው። እንጨት የሚበሰብሰው መሬት ውስጥ ጠልቆ ያለው አይደለም፣ ከአፈሩ በላይና በታች ያለችው ያቺ አንድ ክንድ ናት፣ አየርም ውሃም የሚያገኛት እሷ ስለሆነች። እዛ ጋ ልስኑን ትንሽ አስቆርቁሩና ካቻቢቴ ውጉበት፣ ጠንከር ካለ ደህና ነው፣ ዘልቆ ከገባ ምሰሶው አልቋል። ከዛ ግድግዳውን በጉልበታችሁ ከፍታ ላይ በቡጢ እያንኳኳችሁ ዙሩ፣ ባዶ ድምጽ ያለበት ቦታ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል ወይ ውስጡ በምስጥ ተበልቷል። ምስጥ በግድግዳው ላይ ከመሬት ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን የጭቃ መንገድ ይሰራል፣ ከመስኮት መቃን ስር፣ ከበር መቃን ጀርባ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ወራጁና ማገሩ ላይ ፈልጉት። መንገዱን ስበሩትና ከቀናት በኋላ እዩት፣ ከጠገኑት ምስጡ አለ ማለት ነው።

በሲሚንቶ መለሰኑን ሰው እንደ ጥቅም ነው የሚቆጥረው፣ ሻጩም በዛ ላይ ዋጋ ይጨምራል። እኔ እንደውም ጠበቅ አድርጌ የማየው የተለሰነውን ነው። ጭቃና ጭድ እርጥበት ይቀበላል ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን አያስወጣውም፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ እንጨቱ ጋ ታፍኖ ይቀራል። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ዱቄት የሆነ ምሰሶ ያየሁት ሁሌ የተለሰነ ቤት ላይ ነው። ጭቃው በግልጽ የሚታይ ቤት ቢያንስ አይደብቃችሁም።

ቤቱ አዲስ የብሎኬት ቤት ነው፣ ገና ሰው አልገባበትም። አሁንም ያስፈልጋል?

ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ክረምት አልፎበት ካላወቀ ገና አልተፈተነም። ለመሸጥ የሚሰራ ቤት ላይ የሚቀነሰው የማይታየው ነው፣ ቶንዲኖው (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት)፣ ስታፋው (ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያስረው)፣ የሲሚንቶው መጠን፣ የመሰረቱ ጥልቀት። ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፎቅ ከሆነ የስትራክቸር ስሌትና ድሮዊንግ ሊኖረው ይገባል። ኢንጂነሩ ድሮዊንጉን ይዞ ኮለን ይቆጥራል፣ ቢሙን ይለካል፣ የሽሚት መዶሻ የሚባለው መሳሪያ ካለው ኮንክሪቱን መታ እያደረገ ጥንካሬውን ይገምታል። ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ስር ብረት ከታየ ወይ የዝገት ቀለም እየወረደ ከሆነ ኮንክሪቱ ብረቱን በደንብ አልሸፈነውም። ሳይት ላይ እያለ የተነሳ ፎቶ ካለ ለምኑ፣ ባለቤቱ ስልክ ውስጥ አይጠፋም።

በጣልያን ጊዜ የተሰራ ቤት መሃል ከተማ አገኘሁ። ጠንካራ ነው ይባላል።

ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው፣ ጣልያን ጅማን የግዛቱ ዋና ከተማ አድርጓት ስለነበር ደህና አድርጎ ነው የሰራው። የጣራው እንጨት፣ መብራቱና ቧንቧው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስንቴ እንደተቀጠለ ማንም አያውቅም። ከዛ በፊት ግን ባለቤትነቱን እዩ፣ ብዙዎቹ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሰው የመንግስት ወይ የቀበሌ ሆነዋል፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም፣ ስንት ዓመት ቢኖርበትም።

ጣራው ላይ ምን ይታያል?

ፀሐይ ባለበት ቀን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መብራት ማጥፋት ነው፣ ቀዳዳው ሁሉ ይታያል። የቆርቆሮውን ጌጅ ጠይቁ፣ ቁጥሩ ሲጨምር እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ 28 ከ32 ይወፍራል። ምስማሩ ዙሪያ ዝገት፣ ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) ላይ የጠቆረ ቦታ፣ የአሸንዳው መውረጃ የት እንደሚጨርስ እዩ። ውሃውን መሰረቱ ስር የሚደፋ አሸንዳ ያለው ቤት ጭራሽ አሸንዳ ከሌለው ብዙም አይሻልም።

መብራትና ፍሳሽስ?

ምጣድ የት ነው የሚሰካው ብላችሁ ጀምሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው፣ ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፣ እርጥብ የእንጨት ቤት ውስጥ ይሄ እሳት ነው። ለብቻው 4 ወይ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ግራውንድ መኖሩን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

ፍሳሹ ላይ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት ይባላል፣ የናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ለኩ። መሬት ውስጥ ውሃው ቅርብ የሆነበት ሰፈር ሴፕቲክ ታንኩ በክረምት ከውጭ ውሃ እየገባበት ይሞላል፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያስመጥጡ ጠይቁ።

ዩቲዩብ ላይ የባህር ዳርቻ ቤት እንዴት እንደሚመረመር አየሁ፣ ለኛ ይሰራል?

ግማሹ። እዛ ትልቁ ጠላት ጨው ነው፣ ከባህሩ በነፋስ የሚመጣው ጨው ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ቶንዲኖውን ያዝገዋል፣ ዝገት ደሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ፈንቅሎ ያወጣዋል። የዳርቻው መሸርሸርና ማዕበሉም አለ። እኛ ጋ የባህር ጨው የለም፣ ብረቱ የሚዝገው በቀጭን ሽፋንና በእርጥበት ነው፣ ቀስ ብሎ። ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ግን ጨው ነው፣ ከአፈሩና ከሲሚንቶው ውሃ ይዞት የወጣ። የምትወስዱት ዘዴው ነው፣ ውሃ ዳር ያለ ቤት ሲታይ ከቤቱ በፊት ዳርቻው ይታያል።

ባንኩ ኢንጂነር ልኮ ቤቱን ገምቷል፣ አይበቃም?

አይበቃም። እሱ የመጣው ብድሩ ባይከፈል ቤቱ ስንት ያወጣል ለሚለው ነው፣ ኮርኒስ ውስጥ አልገባም።

ኮንዶሚኒየምስ?

ያነሰ ነው ስራው። ከላያችሁ ያለውን ሰው ሽንት ቤት፣ የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ ጣራውን፣ ከቦታው የተነሳ ግድግዳ ካለ ማን እንዳስነሳው እዩ። የጋራ ቦታዎቹን ጥገና ማን እንደሚከፍልም ጠይቁ።

ኢንጂነሩ ካርታውንም ያያል?

የሚያየው ልኬቱን ነው። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ ይገጥማል ወይ፣ ሰርቪስ ቤቱ ፕላኑ ላይ አለ ወይ፣ አጥሩ ወደ ወንዙ ተገፍቶ እንደሆነ። እዳና እግድ፣ የሻጭ ባል ወይ ሚስት ስምምነት፣ የሊዝ ቀሪ ክፍያ፣ እነዚህ የጠበቃና የጽሕፈት ቤት ስራ ናቸው። መሬቱ የመንግስትና የሕዝብ ነው፣ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ራሱ ዋጋ ከሌለው የቀረውን በደንብ አስሉት።

ሻጩ ኢንጂነር አላስገባም አለኝ።

ሁለት አይነት አለ። አንዱ ያፍራል፣ ቤቴን ናቃችሁብኝ ይላል፣ እሱን በትልቅ ሰው በኩል ቀስ ብሎ ማስረዳት ይቻላል፣ ለልጆቼ ስለሆነ ነው ጋሼ፣ አይክፋዎት ብትሉት ይለሰልሳል። ሌላው ጉዳዩን ያውቀዋል። ያኛው ጋ አትድከሙ።

ችግር ከተገኘ ልተወው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ጣራ፣ አሸንዳ፣ መብራት፣ ልስን፣ ሁለት ሶስት ምሰሶ፣ እነዚህ ዋጋ ያላቸው ነገሮች ናቸው፣ አስገምቷቸውና ከዋጋው ላይ ይቀነስ። የሚሰጥም መሰረት፣ በየክረምቱ ውሃ የሚገባበት ግቢ፣ ፕላን ላይ መንገድ የሆነ ቦታ፣ እነዚህ በብር አይስተካከሉም ወይ ከቤቱ በላይ ይፈጃሉ። መሃል ላይ ያለው ነው ከባዱ፣ እዛ ላይ ኢንጂነሩን እርሶ ቢሆኑ በስንት ይገዙት ነበር ብላችሁ ጠይቁት፣ ከሪፖርቱ የበለጠ መልስ ይሰጣችኋል። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ በውሉ ላይ ያስፍር፣ በግልጽ ይታይ የነበረ ነገር ላይ በኋላ መክሰስ ከባድ ነው፣ የተደበቀው ላይ ግን ያ ጽሑፍ ይረዳችኋል።

ውጭ ሀገር ነኝ፣ ወንድሜ ነው የሚያይልኝ።

ወንድማችሁ ያያል፣ ግን ክፍያውን ለኢንጂነሩ እናንተ በቀጥታ ላኩ፣ ሪፖርቱም በቀጥታ ለናንተ ይምጣ፣ ቤተሰብ መሃል ቅሬታ እንዳይገባ። ቪዲዮው ሳይቋረጥ ይቀረጽ፣ ከመንገዱ ጀምሮ በግቢው ዞሮ፣ ከቤቱ ጀርባ አልፎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ጥግና ኮርኒስ ድረስ፣ ተቆራርጦ የመጣ ቪዲዮ የቀረውን አያሳይም። ከተቻለ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ ወዲያው ይቀረጽ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ውሃ ካለ ጎኑ ላይ ሰው ቁሞ የት ድረስ እንደደረሰ ያሳይ።